ሦስት ጊዜ የተጻፈ አንድ ስም፦ የአፍሪካ ቀንድ ስሞች በማዕቀብ ማጣሪያ ፊት

ጃማ የሚለው የሶማሊ ስም በሐርጌሳ፣ በጅቡቲና በናይሮቢ አንድ ስም ነው፤ የሚጻፈው ግን በሦስት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የጸደቀው የሶማሊ ሥርዓተ ጽሕፈት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ረጅሙን አናባቢ ደርቦ ይጽፋል፤ በመጨረሻ የሚሰማውን የጉሮሮ ድምፅም በላቲኑ ‹ሲ› ያመለክታል። የእንግሊዝ አስተዳደር ልማድ በሰፈነባቸው ቦታዎች አናባቢው አይደረብም፣ የጉሮሮው ድምፅም ይቀራል። በጅቡቲ ደግሞ የፈረንሳይኛው ንባብ እንዳያሳስት ከ‹ጄ› በፊት ‹ዲ› ይገባል። ሦስቱም አጻጻፎች በየሥርዓታቸው ትክክል ናቸው። ለሥነ ልሳን ባለሙያ ጉዳዩ የተለመደ የክፍል ምሳሌ ነው፤ ለባንክ ማጣሪያ ሶፍትዌር ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ከሚኒያፖሊስ ወይም ከለንደን ወደ ድሬዳዋ ገንዘብ ሲላክ የላኪውና የተቀባዩ ስም ከክፍያው ጋር አብሮ መጓዝ አለበት። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል በ16ኛው ምክረ ሐሳቡ ይህን ይጠይቃል። በመንገድ ላይ ያሉት ባንኮችም ስሙን ከማዕቀብ ዝርዝሮች ጋር ያመሳክራሉ። ከዝርዝሮቹ መካከል ከፍተኛ ክብደት ያለው የአሜሪካ ግምጃ ቤት የውጭ ንብረቶች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት (ኦፋክ) የሚያወጣው ነው፤ የዶላር ክፍያ፣ ላኪውም ተቀባዩም አሜሪካን ረግጠው ባያውቁ እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ ባንክ በኩል ያልፋልና። ጥንቃቄው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሶማሊያ ቀድማ አይታዋለች። ሐዋላንም ስልክንም በአንድ ያካሂድ የነበረው አል ባረካት በኖቬምበር 2001 በአሜሪካ ትእዛዝ ንብረቱ ታገደ። በ2013 ደግሞ ባርክሌይስ ባንክ ዳሃብሺልን ጨምሮ የሐዋላ ድርጅቶችን ሒሳብ ለመዝጋት ወሰነ። ሐዋላ የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ዕጣ ደርሶታል፦ በአማርኛ በባንክ መስኮት ላይ የሚለጠፍ የተከበረ የአገልግሎት ስም ነው፤ ከ2001 ወዲህ በሚጻፉ የእንግሊዝኛ የቁጥጥር ሰነዶች ውስጥ ግን ጥርጣሬን የሚጠራ ቃል ሆኗል።

ኦፋክ ለሕዝብ የከፈተው የስም መፈለጊያ ሁለት ስልቶችን እንደሚጠቀም መሥሪያ ቤቱ ገልጿል፤ አንዱ ሳውንዴክስ፣ ሌላው ጃሮ-ዊንክለር ይባላል። ባንኮች የየራሳቸው ሶፍትዌር ቢኖራቸውም ብዙዎቹ የእነዚህ ዘመድ የሆኑ ስልቶችን ይዘዋል። ሳውንዴክስ በ1918 በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የቤተሰብ ስሞችን በድምፅ ለመመደብ የታሰበ ነበር። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ያስቀምጣል፤ አናባቢዎችን፣ ‹ኤች›ን፣ ‹ደብልዩ›ንና ‹ዋይ›ን ይጥላል፤ የቀሩትን ተናባቢዎች በስድስት ቁጥሮች ይከፍላል። በዚህ ስሌት ጃማ በእንግሊዝኛው ልማድ ‹ጄ›500፣ በሶማሊው ሥርዓት ‹ጄ›520፣ በጅቡቲው ‹ዲ›250 ይሆናል። በአንጻሩ ሐሰንና ሁሴን፣ ማንም የማያምታታቸው ሁለት ስሞች፣ በእንግሊዝኛው ልማድ ሲጻፉ ሁለቱም ‹ኤች›250 ናቸው። ልዩነታቸው ያለው በአናባቢው ነው፤ ስልቱ መጀመሪያ የሚጥለውም አናባቢን ነው። ሥርና አምድ ለለመደ የሴማዊ ቋንቋዎች አጥኚ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻም።

ችግሩ የሚብሰው ተጎራባች ቋንቋዎች አንዱን የላቲን ፊደል ለተለያየ ድምፅ ሲያውሉት ነው። በሶማሊ ‹ኤክስ› ሐ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ቁቤ ፈንጂው ጥ ነው። በሶማሊ ‹ሲ› ዐ ነው፤ በቁቤ ጭ ነው። ስለዚህ በሶማሊ ሥርዓት የተጻፈውን ሐሰን በቁቤ የሠለጠነ የሞያሌ ጸሐፊ እንደ ራሱ ሥርዓት ቢያነበው ጠሰን፣ ጃማንም ጃማጭ ይለዋል። ጸሐፊው ሰው ስለሆነ ስቆ ያርመዋል። ሳውንዴክስ ግን ‹ኤክስ›250ን ከ‹ኤች›250 ጋር የሚያገናኝበት መንገድ የለውም፤ የመጀመሪያው ፊደል ከተለየ ጉዳዩ በዚያው ተዘግቷል።

ጃሮ-ዊንክለር በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት መዛግብትን ለማዛመድ የተሠራ ቀመር ነው፤ የፊደላትን መመሳሰል ከ0 እስከ 1 ይለካል። የዊንክለር ጭማሪ የቆመው ጸሐፊዎች በቃል መጀመሪያ ላይ እምብዛም አይሳሳቱም በሚል ግምት ስለሆነ፣ እስከ አራት ፊደል ድረስ በመነሻቸው ለሚገጥሙ ስሞች ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል። የግእዝ ዘርፍ አቀማመጥ ይህን ግምት ገልብጦታል። በገብረ፣ በወልደ፣ በኃይለ ወይም በተክለ በሚጀምሩ ስሞች አንዱን ሰው ከሌላው የሚለየው መነሻው ሳይሆን መድረሻው ነው። ገብረመድኅንና ገብረማርያም በተለመደው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ቃሉ ሳይነጠል ተጽፈው በቀመሩ ቢሰሉ በጃሮ 0.76፣ በዊንክለር ጭማሪ 0.85 ያገኛሉ። በሶማሊ ሥርዓት የተጻፈው ሐሰንና በእንግሊዝኛ በድርብ ‹ኤስ› የተጻፈው ያው ሐሰን ግን 0.82 ብቻ ያገኛሉ። ሁለት ሰዎች ከአንዱ ሰው ይልቅ ይቀራረባሉ ማለት ነው። አንድ ባንክ ደረጃውን በ0.85 ላይ ቢያቆም ንጹሑ ገብረማርያም ይያዛል፣ የሚፈለገው ሐሰን ያልፋል። ደረጃውን ዝቅ ማድረግ ሁለተኛውን ስሕተት ቢቀንስም የመጀመሪያውን ያበዛል። በኤርትራ በጣሊያንኛ ንባብ ተጽዕኖ ከ‹ጂ› በኋላ ‹ኤች› መግባቱ ደግሞ አስመራና መቀሌ ላይ ያለውን አንዱን ገብረ በሁለተኛው ፊደል ላይ ይለያየዋል።

የስም አወቃቀሩም የራሱ ጣጣ አለው። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ተከታትለው በሚጻፉበት አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ቅጹ ግን ይጠይቃል። አንዱ ቅጽ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በዚያ ቦታ ስለሚያስገባ አባትና ልጅ በመዝገብ ላይ ባዕድ ይሆናሉ። የፓስፖርት የኮምፒውተር መስመር ያልተቀጠሉትን የላቲን ፊደላት ብቻ ይቀበላል። ደንቡን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለሲሪሊክና ለዐረብኛ የመመለሻ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል፤ ለግእዝ ፊደል አላዘጋጀም። በስዊፍት በኩል ይተላለፍ የነበረው አሮጌው የክፍያ መልእክትም ከላቲን ውጪ ፊደል አያውቅም ነበር። በኖቬምበር 2025 የተካው አዲሱ አይ.ኤስ.ኦ. 20022 በመሠረቱ የዓለምን ፊደላት ሁሉ ሊሸከም የሚችል ቢሆንም፣ ባንኮች በድንበር ተሻጋሪ ክፍያ የተስማሙበት አሠራር አሁንም በላቲን የተወሰነ ነው። ግእዝ በዩኒኮድ ቦታውን ያገኘው በ1999 ነው፤ ስለዚህ እንቅፋቱን የቴክኒክ ብቻ አድርጎ ማቅረብ አያሳምንም።

በኢትዮጵያ በኩል ትልቁ ዕድል ፋይዳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ዲጂታል መታወቂያ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ባለ12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል፤ ስሙንም በግእዝና በላቲን ፊደል ጎን ለጎን ይይዛል። (ፋይዳ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ በዚያው በዐረብኛ የባንክ ወለድ ማለትም ይሆናል።) ሥርዓቱ የቆመበት ሶፍትዌር በሕንድ ቤንጋሉሩ የተጀመረው ሞሲፕ ነው፤ የዓለም ባንክም በዲሴምበር 2023 ለፕሮግራሙ 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። የግእዙ አጻጻፍ የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ካልሆነ በቀር ብዙ አይዋልልም፤ የሚዋልለው የላቲኑ ነው። እያንዳንዱ የግእዝ ስም ከላቲን ልዋጮቹ ጋር ተያይዞ ቢቀመጥ የአንድ ሰው ሦስት መልክ በአንድ ቁጥር ሥር ይሰበሰባል። አደጋውም ከዚሁ ይወለዳል። የመዝጋቢው የዕለቱ አጻጻፍ ቋሚ ይሆናል፤ በፓስፖርቱ ላይ ‹ኬ›፣ በፋይዳው ላይ ‹ኪው› ያለው ቃሲም በገዛ መታወቂያው ሊጠረጠር ይችላል። ቁጥሩ ደግሞ አገር ውስጥ እንጂ የማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ድንበር ሲሻገር ዳኛው ያው ስሙ ነው።

በመሆኑም ለአካባቢው ቋንቋዎች አጥኚዎች የሚቀርበው ሥራ የስም ልዋጮች ሠንጠረዥ ነው፤ በሶማሊ፣ በኦሮሞ፣ በዐፋር፣ በትግርኛና በአማርኛ የትኛው አጻጻፍ ከየትኛው ጋር እኩል እንደሆነ የሚመዘግብ። ሥራው ግን ንጹሕ አይደለም። ‹ኤክስ› ሐ ይሁን ጥ ለመወሰን የስሙን ቋንቋ ማወቅ ግድ ነው፤ ከ‹ጂ› በኋላ የገባ ‹ኤች›ም ኤርትራን ይጠቁማል። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ በባንክ እጅ ስምን ሲያስታርቅ፣ በሌላ እጅ የሰውን ብሔርና ሃይማኖት ከአጻጻፉ የሚያወጣ መሣሪያ ይሆናል፤ በዚህ ቀጠና ደግሞ ይህ የንድፈ ሐሳብ ስጋት አይደለም። የተሻለ የሚመስለው የቋንቋው መለያ በስሌቱ ጊዜ ብቻ አገልግሎ እንዳይከማች፣ ወደ ባንኩም የሚሄደው ሁለቱ አጻጻፎች እኩል መሆን አለመሆናቸው ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህ ውሳኔ ሠንጠረዡ ከመሠራቱ በፊት መወሰድ ይኖርበታል፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሶፍትዌር አቅራቢ ከተሰጠ በኋላ መለያውን ከውስጡ መንቀል አይቻልምና።