ሥነ ጥበብ፣ አላባውያኑና መርሖቹ፦ ስለ ጥቂት ስያሜዎች የቀረበ ማብራሪያ

በአማርኛ የሙያ ቃላትን የማደራጀት ጉዳይ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕክምና፣ ለምሕንድስናና ለሕግ ነው። በእነዚህ ዘርፎች የስያሜ መፋለስ የሚያስከትለው ጉዳት ፈጥኖ ስለሚታይ ቅድሚያው ተገቢ ነው። የሥነ ጥበብ ስያሜዎች ሲፋለሱ ግን ጉዳቱ ቀስ ብሎ የሚደርስ በመሆኑ ሳይስተዋል ይቀራል። ይኸውም ሰው ለሚያየው ነገር የተለየ መጠሪያ ሲያጣ ልዩነቱን ማየት ይተዋል፤ ወይም በሌላ አገር ሥራ ልክ የተሰፋ ቃል ወስዶ የራሱን አገር ሥራ በዚያ ይመዝናል።

በዚህ ጽሑፍ የሥነ ጥበብን ትርጉም፣ በዐይን የሚታዩ አላባውያኑንና መርሖቹን እናብራራለን፤ ለእያንዳንዱም የሚስማማውን ስያሜ እንጠቁማለን። ስያሜ የሚፈተነው ሊጠቁመው በሚችለው ነገር ስለሆነ፣ ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የወሰድነው ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከየካና ከቦሌ ነው። በዚያ አካባቢ ከዐለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና በመስታወት የተሸፈነ ሕንፃ ብዙም ሳይራራቁ ይገኛሉ፤ አንባቢውም የተባለውን ሄዶ በዐይኑ ሊያረጋግጥ ይችላል።

1. ስለ ቃሉ

«ጥበብ» በግዕዝ ዕውቀትን፣ ማስተዋልንና ብልሃትን የሚያመለክት ቃል ነው። አማርኛ ይህን ትርጉም ጠብቆ ሁለተኛ ትርጉም ጨምሮበታል፤ ሸማኔ በቀሚስ ዘርፍ ላይ በልዩ ልዩ ቀለም ክር የሚያወጣው ጌጥም «ጥበብ» ይባላል። ስለዚህ «ባለጥበብ ቀሚስ» ስንል ቃሉ ከአእምሮ ወደ እጅ፣ ከእጅም ወደ ጨርቁ ወርዶ እናገኘዋለን። በአንጻሩ የእጅ ባለሙያን ለማዋረድ ይነገር የነበረው «ጠይብ» ከ«ጠቢብ» ጋር የተዛመደ ቃል ነው። ቋንቋው ዕውቀትን ባከበረበት ሥር የእጅ ሥራን ማቃለሉ ሊያሳስበን ይገባል። የሥነ ጥበብ ስያሜዎችን ስናደራጅ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና አንጥረኛውን ከቃሉ ክልል ብናስወጣ ያንኑ ስሕተት በአዲስ መልክ መድገም ይሆናል።

«ኪነ ጥበብ» እና «ሥነ ጥበብ» እንደ አንድ ሲነገሩ ይሰማል። «ኪን» በግዕዝ የአሠራር ብልሃት ነው። «ሥን» ደግሞ ውበት ነው፤ «ሠናይ» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። በኋላ ግን «ሥነ» በ«ሥነ ልቦና» እና በ«ሥነ ሕይወት» እንደምናየው የጥናት ዘርፍን ማመልከቻ ሆኗል። በልማድ እየጸና የመጣው አጠቃቀም «ኪነ ጥበብን» ሙዚቃን፣ ቴአትርን፣ ሥነ ጽሑፍንና ሥዕልን ለሚያጠቃልለው ሰፊ ክልል፣ «ሥነ ጥበብን» ደግሞ በዐይን ለሚታየው ክፍል መስጠት ነው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት ትምህርት ቤት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መባሉም ይህን አጠቃቀም አጽንቶታል። እኛም በዚሁ እንጸናለን።

እንግዲህ ሥነ ጥበብ ማለት ሰው አሳቡንና ስሜቱን በዐይን በሚታይ ነገር አደራጅቶ ለሌላው የሚያደርስበት ሥራ ነው። በዚህ ፍቺ «ሰው» ማለታችን በየካ ተራራ ላይ የምትወጣ ፀሐይ ብታምርም የሥነ ጥበብ ሥራ ስላልሆነች ነው። «አደራጅቶ» ማለታችን በአጋጣሚ የፈሰሰ ቀለምን ለመለየት ነው። «ለሌላው የሚያደርስበት» ማለታችን ደግሞ ሥራው ከተመልካች ጋር የሚያገናኝ ቋንቋ መሆኑን ለማሳየት ነው። ቋንቋ ፊደልና ሰዋስው እንዳለው ሁሉ ሥነ ጥበብም አላባውያንና መርሖች አሉት።

2. አላባውያን

«አላባ» በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሌላ ሰው ንብረት የመገልገልንና ፍሬውን የመውሰድን መብት ይገልጻል። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ግን አንድ ሥራ የተገነባባቸውን ክፍሎች መጠሪያ ሆኖ ተለምዷል። «ንጥረ ነገር» በኬሚስትሪ ስለተያዘ፣ ለሥነ ጥበብም «አላባ» የሚለው ይስማማል።

ሀ) መስመር። የነጥብ ጉዞ ነው። ቀጥ ያለ፣ የተጠማዘዘ፣ የተሰበረ ሊሆን ይችላል። የብራና ጸሐፊዎች በገጽ ራስጌ የሚያወጡት የተጠላለፈ ጌጥ «ሐረግ» ይባላል። ስሙ የተወሰደው ዛፍ ላይ ከሚጠመጠመው ተክል ነው፤ በሰዋስው ደግሞ አንድነት ያላቸውን ቃላት ይጠራበታል። በሦስቱም ትርጉሞች ውስጥ መያያዝ አለ። «ጌጠኛ መስመር» ከማለት ይልቅ ይህን የቆየ የሙያ ቃል መያዝ ይበጃል።

ለ) ቅርጽ እና ግዘፍ። ትልቁ መደናገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በወረቀት ላይ የተሣለ ክብ «ቅርጽ» ይባላል፤ ከሁሉም ወገን የሚዳሰስ ጀበናም «ቅርጽ» ይባላል። ተማሪው ርዝመትና ወርድ ብቻ ያለውን ውፍረት ካለው ለይቶ የሚጠራበት ቃል የለውም። ሥርወ ቃሉ «ቀረጸ» ስለሆነ መነሻው ለሚፈለፈል ነገር ነበር፤ ይሁን እንጂ የቃል ዳኛው ሥሩ ብቻ አይደለም፤ ልማድም ይፈርዳል። ዛሬ አብዛኛው ተናጋሪ «ቅርጽ» ሲል የነገሩን ዳር ድንበር ማለቱ ነው። ስለዚህ «ቅርጽን» ለጠፍጣፋው ትተን ውፍረት ላለው «ግዘፍ» የሚለውን እንጠቁማለን። ቃሉ አዲስ አይደለም፤ የታሰበ ነገር በተግባር ሲታይ «ግዘፍ ነሣ» እንላለን። ተቃራኒውም ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። «ግዙፍ» እና «ረቂቅ» የቆዩ ጥንዶች ናቸው፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1950ዎቹ ከጀርመን ትምህርታቸው ተመልሰው ያስፋፉት የአሣሣል ስልትም «ረቂቅ ሥዕል» የሚል ስም አግኝቷል።

ሐ) ቦታ እና ክፍተት። በየካ ተራራ ላይ የሚገኘው ዋሻ ሚካኤል ይህን አላባ ከማናቸውም ምሳሌ በላይ ያስረዳል። ሕንፃ ሠሪ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይጨምራል፤ ዐለት ፈልፋይ ግን ይቀንሳል። ዓምዱን የሚያገኘው በዙሪያው ያለውን በማውጣት ነው። ስለዚህ በዚያ ሥፍራ ባዶው ራሱ የተሠራ ነው። ሠዓሊም በምስሉ ዙሪያ የሚተወው ባዶ ሳይሣል የቀረ ሳይሆን ታስቦ የተተወ ሊሆን ይችላል። ነገሩ የያዘውን «ቦታ»፣ በነገሮች መካከልና ዙሪያ የቀረውን «ክፍተት» ብንለው ሁለቱ ይለያሉ። «ጠፈር» እና «ኅዋ» ለሰማይ ጥናት ቢተዉ ይሻላል።

መ) ቀለም። ይህ ቃል ሸክሙ ብዙ ነው። የሚጻፍበትን ፈሳሽ፣ የሚቀባውን ነገር፣ በዐይን የሚታየውን ጠባይ፣ ትምህርትን፣ በግጥም ውስጥ ደግሞ የድምፅ ክፍልን ይጠራል። ዐውዱ ስለሚለየው ግን መተካት አያስፈልገውም። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ለራሳቸው የቆሙ ስሞች ሲሆኑ፣ ሰማያዊ ከሰማይ፣ ቡናማ ከቡና፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን የተወሰዱ ናቸው። አዲስ የቀለም ስም በሚያስፈልግ ጊዜ የቋንቋው መንገድ ይኸው ከታወቀ ነገር መሰየም ነው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች ጭራ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተከታትለው ይታያሉ። በሠዓሊዎች የቀለም ክብ አረንጓዴና ቀይ ፊት ለፊት የሚቆሙ ተቃራኒዎች ናቸው፤ ቢጫው በመካከላቸው ገብቶ ሁለቱንም ያገናኛል። ከሩቅ ለይተን የምናውቃቸውም ስለዚህ ነው።

ሠ) የብርሃን ልክ። አንድ ቀለም ወደ ነጭ ወይም ወደ ጥቁር የሚያዘነብልበት መጠን ነው። «ድምቀት» ይህንንም የቀለሙንም ጥራት ስለሚጠራ ያሳስታል። ሕዝቡ «ነጣ ያለ ቀይ»፣ «ጠቆር ያለ ቀይ» ሲል ልዩነቱን ያውቀዋል። የቦሌ መንገድ በሚነሣበት በመስቀል አደባባይ አጠገብ፣ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት ባለቀለም መስታወት አለ። መስታወቱ ብርሃኑን የሚያገኘው ከፀሐይ በመሆኑ፣ ቀለሙ ሳይለወጥ የብርሃን ልኩ ከሰዓት ወደ ሰዓት ይለወጣል።

ረ) ሻካራና ልስልስ። በእጅ የሚዳሰስ ወይም የሚዳሰስ የሚመስል የገጽ ጠባይ ነው። በመሮ የተፈለፈለ ዐለትና የቦሌ ሕንፃ መስታወት ለዚህ ሁለት ጫፎች ናቸው። ሁለቱን የሚያጠቃልል የተለመደ አንድ ቃል ስለሌለ፣ ማንም የማይናገረውን ቃል ከመፍጠር ሁለቱን ጫፎች መጥራት የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

3. መርሖች

መርሕ ማለት የሚመራ ማለት ነው፤ አላባውያን እንዴት እንደሚደራጁ ያሳያል።

«ሚዛን» የሥራው ክብደት ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ማድረግ ነው። በቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል ፊት የቆመ ሰው ጉልላቱ መካከሉን ይዞ የግራውና የቀኙ ክፍል ሲመሳሰሉ ያያል። ይህ በአቻነት የሚገኝ ሚዛን ነው። አንድ ትልቅ ነገር በብዙ ትናንሾች ሲመዘን የሚገኘው ደግሞ ያለ አቻነት የተገኘ ሚዛን ነው።

«ምት» የአላባ ተመላልሶ መምጣት ነው። ግጥምና ሙዚቃ ቀድመው ተጠቅመውበታል፤ ለዐይንም ይሠራል። በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ በቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች መስኮቱ በእኩል ርቀት ይደጋገማል፤ በነጠላ ጥለት ላይም መስመሩ ይመላለሳል። ይሁን እንጂ ሸማኔው ቀለሙን በመካከል ይለውጣል፤ ምት ከተራ «ድግግሞሽ» የሚለየው በዚህ ለውጥ ነው።

«ተቃርኖ» የማይመሳሰሉትን ጎን ለጎን ማኖር ነው። ለዚህ «ንጽጽር» ሲባል ይሰማል፤ ነገር ግን ንጽጽር መመሳሰልንም ይፈልጋልና አይበቃም። «አጽንዖት» ዐይን አስቀድሞ የሚያርፍበትን ሥፍራ መወሰን ነው። «ምጥጥን» የክፍሎች መጠን እርስ በርስና ከሙሉው ጋር ያለው ዝምድና ነው።

«ኅብር» እና «አንድነት» መጨረሻ የሚመጡ ናቸው። በግዕዝ «ሕብር» ቀለም ነው፤ «ኅብር» ከ«ኀበረ» የወጣና መተባበርን የሚገልጽ ነው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ጽሕፈታቸው ይቀላቀላል። እኛ ለመርሑ «ኅብር» እንላለን፤ ይኸውም የተለያዩት ክፍሎች መስማማት ነው። «አንድነት» ደግሞ ከስምምነቱ የሚገኘው ውጤት ነው። የአፍሪካ አዳራሹ መስታወት 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው በሦስት ክፍል ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግሏንና ተስፋዋን ያሳያል። ሦስቱ ክፍሎች ግን የሚታዩት እንደ አንድ ሥራ ነው።

4. ስያሜው ፍርድ ሲሆን

የስያሜ ጉዳይ የመዝገበ ቃላት ሠሪዎች ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ያስረዳል። በዚህ የአሣሣል ልማድ ቅዱሱ ከአጃቢው ይገዝፋል፤ ዐይኖች ይተልቃሉ፤ ደጋጎች በሙሉ ፊት፣ ክፉዎች በጎን ፊት ይሣላሉ። በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎችም የኢትዮጵያ ወታደር በሙሉ ፊት፣ ጠላት በጎን ፊት ይታያል። ሩቁን አሳንሶ ቅርቡን አግዝፎ ማሳየትን ብቻ «ትክክለኛ ምጥጥን» ብሎ የተማረ ሰው ይህን ሁሉ «ስሕተት» ወይም «አለማወቅ» ይለዋል።

ስያሜዎቹን በየቦታቸው ብንጠቀም ግን ፍርዱ ይለወጣል። መጠኑ የተለወጠው ለአጽንዖት ነው፤ መጠን እዚህ የሚለካው በርቀት ሳይሆን በክብር ነው። የጎን ፊቱ ተቃርኖ ነው። ጥልቀት የሌለው ጀርባ ክፍተት ነው፤ ተመልካቹ ከምስሉ ኋላ እንዳይቅበዘበዝ ያግደዋል። ስለዚህ ሠዓሊው መርሕ አልጎደለውም፤ መርሖቹን በሌላ ቅደም ተከተል አሰልፏቸዋል። ይህን ለማለት ውዳሴ አያስፈልገንም፤ በትክክል የተለዩ ቃላት ይበቁናል።

ከዚህ በመነሣት ለስያሜ አዘጋጆች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቃል ከመፈጠሩ በፊት ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ የብራና ጸሐፊውና ሠዓሊው ምን እንደሚሉት ይጠየቁ። ሁለተኛ፣ አንድ ስያሜ ሁለት ነገር እንዳይሸከም፣ በተለይም ቅርጽና ግዘፍ እንዳይደባለቁ ይጠበቅ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ስያሜ ወደ መዝገበ ቃላት ከመግባቱ በፊት ከአገር ውስጥ በተወሰደ ምሳሌ ይፈተን። ስያሜው ከየካ ዐለትና ከቀሚስ ጥበብ ፊት ቆሞ ካልሠራ፣ በወረቀት ላይ ቢያምርም ለተማሪው አይበጀውም።