ደለልና መርዛማነቱ፦ ከጌዴኦ ወንዞች እስከ አባያ፣ ዓለም አቀፍ የምርምር ትብብር ምን ይጠይቃል?



ከባሕር ብክለት ጥናት የተወለደ አንድ የምርምር ዘርፍ በዲላ የንግግር ርዕስ መሆኑ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ከባሕር ርቀን የምንኖር ደገኞች ነን። ይሁን እንጂ ከጌዴኦ ከፍታዎች ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርዱት ጅረቶች በአብዛኛው በጊዳቦና በገላና አማካይነት አባያ ሐይቅ ይገባሉ። አባያ ሲሞላ ወደ ጫሞ ይተርፋል፤ ጫሞ ሲሞላ ደግሞ በሰገን በኩል ወደ ጨው ባሕር ያመራል። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። የአዋሽ ውኃም ቢሆን ጅቡቲ ጠረፍ ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ የእኛው ግን ገና ደቡብ ሳይለቅ ይቆማል። ከቡና ማጠቢያ፣ ከከተማ ፍሳሽና ከእርሻ የሚወጣው ብክለት ውቅያኖስ ስለማይደርስ፣ የማይበሰብሰው ክፍል ማረፊያው ደለል ነው።

ደለል እንደ ጎተራ ነው፤ ያስቀመጡበትን ይይዛል፣ ሲከፈት ደግሞ ያወጣል። ይህን ዓለም በከባድ ዋጋ የተማረው ከጃፓኗ ሚናማታ ነው። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን ፋብሪካው ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ መልቀቅ ያቆመው በ1968 ነው። ፍሳሹ ቢቆምም ሜርኩሪው ከባሕረ ሰላጤው ወለል አልጠፋም። ከ1977 እስከ 1990 ድረስ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ደለል ተዝቆ መውጣትና መታፈን ነበረበት።

የደለል ብክለት እንዴት ይመዘን ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ የመጣው በ1985 ነው። በአሜሪካ ፒውጀት ሳውንድ በተባለው የባሕር ወሽመጥ የሠሩ ሳይንቲስቶች ሦስት ማስረጃዎች በአንድነት እንዲቀርቡ ጠየቁ፤ በደለሉ ውስጥ ምን ኬሚካል አለ፣ ደለሉ በላቦራቶሪ ሕያው ፍጥረትን ይጎዳል ወይ፣ በቦታው የሚኖሩት የወለል እንስሳትስ ተመናምነዋል ወይ? አንዱ ብቻውን አይበቃም። ብዙ መዳብ ያለበት ደለል ምንም ላይጎዳ፣ ጥቂት ያለበት ግን ሊገድል ይችላልና።

በአገራችን እስካሁን የተካሄደው ትብብር በአብዛኛው ያተኮረው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። ውጤቱን አላቃልልም። የኖርዌይ የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲና የሐዋሳ ተመራማሪዎች በሐዋሳ ሐይቅ ባካሄዱት ጥናት ሌሎች ዓሦችን የሚመገበው ትልቁ ባርበስ ከቀረሶ እጅግ የላቀ ሜርኩሪ እንደሚይዝ አሳይተዋል። በጃፓን የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ሥራም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ደለልና ዓሣ ውስጥ የዲዲቲን ቅሪትና ከባድ ብረቶችን ለክቷል። በእነዚህ ሥራዎች ኢትዮጵያውያን ለዶክትሬት በቅተዋል፤ እዚህ የማይገኙ መሣሪያዎችም አገልግለዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ሲተረጎም ነው። አብዛኛው ጽሑፍ ውጤቱን የሚያነጻጽረው በ2000 ከወጡት የሰሜን አሜሪካ ንጹሕ ውኃ የደለል መመዘኛዎች ጋር ነው። በእነዚያ መሠረት በአንድ ኪሎ ደረቅ ደለል ከ48.6 ሚሊ ግራም በላይ ኒኬል ከተገኘ ጉዳት ይጠበቃል። የባዛልት አለት ግን በተፈጥሮው፣ ማንም ሳይበክለው፣ ከዚህ የበለጠ ሊይዝ ይችላል። እሳተ ገሞራ በሠራው ምድር ላይ ተቀምጠን በሌላ አህጉር ሚዛን ብቻ ከተመዘንን ንጹሑን ወንዝ ወንጀለኛ፣ የተበከለውን ደግሞ ነጻ ልናደርግ እንችላለን። መነሻ ልኬት የሚሆን፣ ከማጠቢያ ጣቢያና ከከተማ በላይ የተወሰደ የራሳችን ናሙና ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። በይርጋጨፌ፣ በወናጎና በኮቸሬ ቀይ ቡና ሲፈለፈልና ሲታጠብ ገለፈቱና ሙጫው ስኳርና ፔክቲን ይዞ ይወጣል። ባክቴሪያዎች ይህን ሲያብላሉ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ፍሳሹም ይኮመጥጣል። በወንዙ ወለል ኦክስጅን ሲጠፋ የብረትና የማንጋኒዝ ዝገት ይሟሟል፤ አብሮት የተጣበቀው ፎስፈረስም ይለቀቃል። በሌላ በኩል ከሰልፌት የሚፈጠረው ሰልፋይድ መዳብን፣ ዚንክንና ካድሚየምን አስሮ ለጊዜው ጉዳት አልባ ያደርጋቸዋል። ዝናብ መጥቶ ወለሉን ሲያገላብጥና ኦክስጅን ሲመለስ ሰልፋይዱ ይፈርሳል፤ የታሰሩት ብረቶች ይፈታሉ። ያው ደለል፣ ያው የመዳብ መጠን፣ በኅዳርና በሚያዝያ ግን መርዛማነቱ የተለያየ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ቢመስልም በስምምነት ሰነዶች ውስጥ እምብዛም አይታይም። የብረቱን ጠቅላላ መጠን ለመለካት ናሙናውን አድርቆ ኦስሎ ወይም ሳፖሮ መላክ ይቻላል። መርዛማነቱን ግን እንዲህ አድርጎ መለካት አይቻልም። ለሕያው ፍተሻ የሚሆን ደለል አይደርቅም፣ አይቀዘቅዝም በረዶ እስኪሆን፤ ከብርሃን ተከልሎ በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ተጠብቆ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መፈተሽ አለበት። በጉምሩክ መጋዘን አንድ ወር የቆየ ናሙና ስለ ጉምሩኩ እንጂ ስለ ወንዙ ብዙ አይነግረንም።

ስለዚህ የመርዛማነት ፍተሻው ቦታ እዚህ ነው። ደስ የሚለው፣ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ብርጭቆ ዕቃ፣ የአየር መንፊያ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያና ትዕግሥት ይበቃል። መደበኛው ፍተሻ የሚጠቀምበት ሃያሌላ የተባለ ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጥረት የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነውና እርሱን ማስመጣት አልመክርም። የማይናከሱት የካይሮኖሚድ ዝንቦች እጮች ግን በጅረቶቻችን ጭቃ ውስጥ አሉ። እነርሱን በላቦራቶሪ ማራባት፣ ለታወቀ መርዝ የሚሰጡትን ምላሽ መመዝገብና ከዚያ ከማጠቢያ ጣቢያ በላይና በታች በተወሰደ ደለል ላይ ማሳደግ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚበቃ ሥራ ነው።

የወቅት ጉዳይም አለ። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ቡድን በራሱ የበጋ ዕረፍት፣ በሐምሌና በነሐሴ ከመጣ፣ የሚያገኘው የሞላ ወንዝና የተዘጋ ጣቢያ ነው። ቡናው የሚታጠበው ክረምቱ አልፎ፣ ወንዙም እየቀነሰ ሲሄድ ነው። የናሙናውን ቀን መቁጠሪያ መወሰን ያለበት አጥቢውንና ወንዙን የሚያውቅ ሰው ነው።

ትብብርን አልቃወምም። በ2014 ከጨው ባሕር፣ ማለትም ከዚሁ ተፋሰስ መጨረሻ፣ ወደ 280 ሜትር የሚጠጋ የደለል ዓምድ በዓለም አቀፍ ቡድን ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ከ600 ሺህ ዓመት በላይ የሆነ የአየር ንብረት ታሪክም ተነቧል። ያን ብቻችንን አንሠራውም ነበር። ቀጣዩ ውል ሲፈረም ግን ሦስት ነገሮች በግልጽ እንዲጻፉ እጠይቃለሁ፦ የናሙናው ግማሽ እዚህ ይቀመጥ፣ የሕያው ፍተሻው እዚህ ይሠራ፣ ውጤቱም ከመጽሔቱ ጎን ለጎን ለጣቢያ ባለቤቶችና ከጣቢያው በታች ውኃ ለሚቀዱት ሰዎች በቋንቋቸው ይነገር። ጥያቄ ካላችሁ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።