ጣት የማታክል ዓሣ ለማታር ምን ታደርጋለች?

ማታር ላይ ዓሣ ሲነሳ ወሬው ስለ ባሮ ነው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ናይል ፐርች። የዛሬዋ ዓሣ ግን ለድስት አትሆንም።

ዜብራ ዓሣ ትባላለች። አገሯ ደቡብ እስያ ነው፤ ርዝመቷ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሳይንቲስቶች ለምን ወደዷት? ርካሽ ናት፣ ትፈጥናለች፣ ገላዋም ያሳያል። በአንድ ጊዜ መቶና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ በ3 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቷ እንደ መስታወት ስለሆነች አንጎሏ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከሰው ዘረመሎች 70 በመቶ ያህሉም እሷ ላይ አቻ አላቸው።

እሺ፣ ናኖስ? 1 ናኖ ሜትር የ1 ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዚህ መጠን የተፈጩ ነገሮች በፀሐይ መከላከያ ቅባትና ሽታ በማይዝ ካልሲ ውስጥ ይገባሉ። የተጣለ ፕላስቲክም ሲሰባበር ሲሰባበር እዚህ ሊደርስ ይችላል።

ሙከራው ቀላል ነው። እንቁላሎቹን ቅንጣቱ ያለበት ውኃ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፤ ሲፈለፈሉ መብራት ታጠፋላችሁ። ጤነኛ ጫጩት ሲጨልምባት ትራወጣለች፤ ነርቯ የተነካ ግን እንቅስቃሴዋ ይለያል። ካሜራ ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የናኖ ፕላስቲክ ቅንጣቶች የጫጩቶቹ አንጎል ድረስ መዝለቃቸውን፣ እንቅስቃሴያቸውም መቀነሱን አሳይቷል።

ተረጋጉ፣ የባሮ ዓሣ ተመርዟል እያልኩ አይደለም። ላቦራቶሪ የሚጠቀመው መጠን ብዙ ጊዜ ወንዝ ውስጥ ካለው ይበልጣል።

ግን አንድ የኢኮኖሚክስ ሐሳብ ልጨምር። ፌስታል ሻጩም ገዢውም የማይከፍሉት ወጪ አለው፤ የሚከፍለው ከወንዙ በታች ያለ ሰው ነው። ባሮ ከኢሉባቦር ደጋ ወርዶ፣ ጋምቤላ ከተማን አልፎ ነው ወደ ማታር የሚመጣው። ላይ የተጣለው ሁሉ በማታር ደጅ ያልፋል።

አገራችን የፌስታል ክልከላን በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃለች፤ ጥሩ ነው። ፌስታል ግን በዓይን ይታያል። የማይታየውን ለመያዝ ዕቃው ገበያ ሳይወጣ መፈተሽ አለበት፤ ለመጀመሪያው ፍተሻ ጥቂት ቀንና ጥቂት ውኃ በቂ ነው። ያ ሳይደረግ ከቀረ መፈተሻ የሚሆኑት ከታች ያሉት ሰዎች ናቸው፤ ለዚህ ደግሞ ማንም አላስፈቀዳቸውም።