የመንዝ የበግ ጠጉር ሥራና ተገቢው ገዥ

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝና በግሼ፣ ብርዱ የጸና በመሆኑ በግ የገበሬው ዋና ሀብት ነው። ሕዝቡም ከጥንት ጀምሮ ጠጉሩን ሸልቶ፣ አፍታቶ፣ በእንዝርት ፈትሎ፣ ለሸማኔ እየሰጠ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ሲያሠራ ኖሯል። ስለዚህ መንዝ ሲነሣ ባና አብሮ ይነሣል። ነገር ግን ስሙ የታወቀ ዕቃ ሁሉ ገበያው የታወቀ ነው ማለት አይደለም።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በኋላም ከውጭ አገር የሚመጣው ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ እየበዛ ሲሄድ፣ የእጅ ሥራው በዋጋ ሊወዳደር አልቻለም። የመሃል ሜዳ ወይም የሞላሌ ባለሱቅ ባናውን ከፋብሪካው ዕቃ ጎን ሰቅሎ የመጣው ሁሉ ይግዛ ቢል፣ ገዥው የሚያነጻጽረው ዋጋውን ብቻ ነው። በዚህ ውድድር የሚረታው ባናው ነው፤ የባናው መረታትም የሸማኔውን ዋጋ ይቀንሳል፣ ልጁንም ከሸማ ጉድጓዱ ያርቀዋል። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባው፣ «ለሁሉ እንዴት እንሽጥ?» ተብሎ ሳይሆን፣ «ይህ ዕቃ በእውነት የሚያስፈልገው ማን ነው?» ተብሎ ነው።

መልሱ ከጠጉሩ ጠባይ ይጀምራል። የመንዝ በግ አካሉ አነስተኛ፣ ብርድን የሚችል ነው፤ ጠጉሩ ግን ሸካራ ነው። በደብረ ብርሃን በ1959 ዓ.ም. የተቋቋመው የበግ ማራቢያ ጣቢያ አዋሲ ከሚባለው የውጭ ዘር ጋር በማዳቀል ሥጋውንም ጠጉሩንም ለማሻሻል ሲደክም ቆይቷል፤ ሆኖም በገበሬው መንጋ የሚበዛው ዛሬም የአገሩ ዘር ነው። ሸካራ ጠጉር ሰውነት ለሚነካ ስስ ልብስ አይስማማም። ለወለል ሥጋጃና ከላይ ለሚደረብ ካባ ግን ጥንካሬው ጥቅም ይሆነዋል።

ቀጥሎ ገዥዎችን ለይቶ ማየት ነው። የደጋው ገበሬ በጉም ፈትሉም የራሱ ስለ ሆነ ለሸማኔው የእጅ ዋጋ ይከፍላል እንጂ ከሱቅ አይገዛም። በመርሐቤቴ ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ የሚወርደው አገር ቆላ ነውና በዚያ ባና ፈላጊው ጥቂት ነው። ርካሽ ብርድ ልብስ የሚሻው የከተማ ሰውም የፋብሪካው ደንበኛ ነው።

የሚቀሩት ቁጥራቸው አነስተኛ፣ ፍላጎታቸው ግን የጸና ገዥዎች ናቸው። እነርሱም በርኖስ ለክብር የሚደርቡ ሽማግሌዎችና ካህናት፣ ለክፍሎቻቸው የአገር ሥጋጃ የሚፈልጉ ሆቴሎች፣ እንዲሁም የጓሳን ምድር ለማየት የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ጠብቆ ያቆየው የሣር ምድር ስለ ሆነ፣ በዚያ የሚያድር ሰው የባናን ጥቅም በአንድ ሌሊት ያውቀዋል። ይሁንና የእንግዳው መምጣት በወቅትና በሰላም የሚወሰን በመሆኑ፣ ነጋዴው ተስፋውን ሁሉ በእርሱ ላይ ብቻ መጣል አይገባውም።

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ሆቴሎችን መረጠ እንበል። ሃያ ሆቴሎች እያንዳንዳቸው በዓመት አሥር ሥጋጃ ቢያዝዙ 200 ሥጋጃ ይሆናል። ይህ ለፋብሪካ ከቁጥር የማይገባ፣ ለጥቂት ሸማኔዎች ግን የዓመት ሥራ ነው። ገዥው ከታወቀ በኋላ የዕቃው ዓይነትም ይታወቃል፦ ልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ቀለም ሳይነከር በተፈጥሮው ነጭ፣ ቡናማና ጥቁር የተሠራ፣ ቅባቱና ጠረኑ በደንብ ታጥቦ የወጣ፣ ከብል የተጠበቀ፣ በተቀጠረው ቀን የሚደርስ መሆን አለበት። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚርቅ ስለ ሆነ፣ ዕቃውን ከደጋው በዚያ ሰብስቦ ወደ ዋና ከተማው ማድረስ ይቻላል።

ይህ መንገድ በሌላ አገርም ተሞክሮ ተሳክቷል። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች የሚሠራው ሃሪስ ትዊድ የተባለው የሱፍ ጨርቅ በርካሽነት አልተወዳደረም። በስሙ የሚሸጠው ጨርቅ የደሴቶቹ ነዋሪዎች በየቤታቸው የሸመኑት መሆን እንዳለበት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 በወጣ ሕግ ተደነገገ። ገዥው ከጨርቁ ጋር የአገሩንና የሠሪውን ስም ጭምር ይገዛል።

ስለዚህ የእኛም ነጋዴ ገንዘቡን በጠጉር ላይ ከማዋሉ አስቀድሞ አራት ነገር በወረቀት ይጻፍ፦ ገዥው ማን እንደ ሆነ፣ ዛሬ በምን እንደሚገለገል፣ በዓመት ስንት እንደሚፈልግና በየትኛው ወር እንደሚገዛ። ለእነዚህ መልስ ያገኘ ነጋዴ ለሸማኔው ቁርጥ ያለ ትእዛዝና ተገቢ ዋጋ ሊሰጥ ይችላል። ሸማኔውም ነገ ሥራ መኖሩን ካወቀ ሙያውን ለልጁ ያስተምራል።