ዓይንና እጅ ስንት ነገር ይይዛሉ?



ገንዳ ውሃ ገበያ ወጥታችሁ ለዘር የሚሆን ሰሊጥ ትመርጣላችሁ እንበል። ከየጆንያው ዘግናችሁ ታያላችሁ፤ በጣታችሁም ታሻላችሁ። ስድስተኛው ጆንያ ላይ ስትደርሱ የፊተኛው ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ? ይጠፋባችኋል።

ይህ ስንፍና አይደለም። የሰው አእምሮ ልክ አለው። በ1990 ዓ.ም. ላክና ቮግል የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሰው ለአፍታ ካየው ውስጥ በአእምሮው የሚይዘው 4 ያህል ነገር ብቻ ነው። በእጅ የተዳሰሰውም ቢሆን ቶሎ ይረሳል፤ አዲሱ የፊተኛውን ያስረሳል።

እርጥብ ዘር ደግሞ ይሻግታል፤ ሳይበቅል ይቀራል። የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ለየጆንያው ቁጥር ስጡት። በዳሰሳችሁ ቁጥር ወዲያው ጻፉ፦ «1 ደረቅ፣ 2 እርጥብ፣ 3 አፈር ያለው»።

አእምሮ የጣለውን ወረቀት ይይዘዋል። ደህና ሁኑ።