ከኢኑቪክ እስከ ኢቃሉዊት፦ የአየር ርቀቱና የጉዞው ሰዓት ለምን አይገጥሙም?

በሰሜን ካናዳ የሚገኙት ኢኑቪክ እና ኢቃሉዊት መስጂድ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ከተሞች ናቸው። የኢኑቪኩ መስጂድ በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ ህንጻው ዊኒፔግ ላይ ተሠርቶ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪናና በወንዝ ጀልባ ተጓጉዞ የደረሰ ነው። የኢቃሉዊቱ ደግሞ በ2016 ተከፍቷል። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ የሚፈልግ ሰው ያለው አማራጭ አውሮፕላን ነው።

በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው አጭሩ የአየር ርቀት 2,840 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚገርመው፣ ኢቃሉዊት ከኢኑቪክ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ ብትሆንም አጭሩ መስመር የሚጀምረው ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቅንቶ ነው። ምክንያቱም ምድር ክብ ናት። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ከመለካት ይልቅ ሉል ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥሮ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል።

የቂብላ አቅጣጫም በተለምዶ የሚሰላው በዚሁ መንገድ ነው። ከኢኑቪክ ወደ መካ የሚወስደው አጭሩ መስመር በሰሜን ዋልታ አጠገብ ስለሚያልፍ፣ እዚያ የሚሰግድ ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በኢቃሉዊት ግን ቂብላው ከሰሜን 64 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ነው።

ወደ ሰዓቱ ስንመለስ፣ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት ይህን ርቀት በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ሲታከል አራት ሰዓት ይሆናል። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ከሆነ ግን በረራው ብቻ ስድስት ሰዓት ይጠጋል፤ ነዳጅ ለመሙላት መሃል ላይ ማረፍም ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህ ሁሉ የቀጥታ በረራ ስሌት ነው። ተጓዡ በየሎውናይፍ፣ በኤድመንተንና በኦታዋ በኩል የሚዞር ቲኬት ከቆረጠ መንገዱ ወደ 7,050 ኪሎ ሜትር ያድጋል፤ ማለትም ከቀጥታው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። በየከተማው የሚጠፋው የመጠበቂያ ጊዜ ሲጨመርበት ጉዞው ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴም አዳር ይጠይቃል። ጭጋግ ወይም የበረዶ ውሽንፍር በረራ ካሰረዘ ደግሞ ቀጣዩን በረራ መጠበቅ ግድ ነው።

የሰዓት ልዩነቱም መዘንጋት የለበትም። ኢቃሉዊት ከኢኑቪክ በሁለት ሰዓት ትቀድማለች። ከኢኑቪክ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነስቶ አራት ሰዓት የበረረ ሰው ኢቃሉዊት ሲያርፍ የከተማዋ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ይላል። የሶላት ወቅትም የሚታየው በደረሰበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ለጁምዓ፣ ለኒካህ ወይም ለጀናዛ ለመድረስ የሚያስብ ተጓዥ ኢንተርኔት ላይ የሚያገኘውን የኪሎ ሜትር ቁጥር ብቻ አይቶ ቀጠሮ አይያዝ። መጀመሪያ ቲኬቱ በየት በየት እንደሚያልፍ፣ በየማረፊያው ስንት ሰዓት እንደሚያስጠብቅ ይመልከት፤ ከቀጠሮውም ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይነሳ።