ኅዳር ሲታጠን

ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በየመንደሩ የሚያልፍ ሰው ዓይኑን እያሸ ነው የሚያልፈው። እናቶች ከማለዳ ጀምረው ግቢውንና ደጁን ይጠርጋሉ። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ያረጀ ሰሌን፣ የተበጣጠሰ ቅርጫት፣ ቡትቶ ጨርቅ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይከመራል። ልጆች ክብሪቱን ለመጫር ይሻማሉ። ጥቂት ቆይቶ ከየአጥሩ ሥር የሚወጣው ጢስ ተገናኝቶ ሰፈሩን ይሸፍነዋል። ቀኑ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው፤ ታቦት ሸኝቶ የሚመለሰው ምእመን የሚገባው ጢስ ወደ ዋጠው ሰፈር ነው። ይህን ልማድ “ኅዳር ሲታጠን” እንለዋለን።

ልማዱ ከ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ይነገራል። በዚያ ዓመት ኅዳር 2 ቀን አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ዓለም ገና እፎይ አላለም ነበር፤ “የስፔን ጉንፋን” የተባለው በሽታ አገር ላገር ይዞር ነበር። በመላው ዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። እኛ ዘንድ በኅዳር ስለ በረታ ስሙ “የኅዳር በሽታ” ሆኖ ቀረ። በትኩሳት ጀምሮ ሳንባን ያጠቃል፤ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ሌላ ጉልበታሙን ጎልማሳም ይጥል ነበር።

በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ነበር። ሐኪሙ በጣት የሚቆጠር ነው። ቤተሰብ በሙሉ የተኛበት ቤት ውኃ የሚያቀብል አልነበረም፤ መቃብር ቆፋሪ ጠፍቶ ሬሳ ለጅብ የተረፈበት ጊዜ ነበር። ለቅሶ ደራሹም ታሞ ተኝቷልና ብዙው ሰው እንደ ወጉ ሳይለቀስለት ሄደ።

ታዲያ ጢሱ ለምን? ያኔ የበሽታውን ቫይረስ ያየው ሳይንቲስት አልነበረም፤ ከሰው የተገኘው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው ክፉ ሽታና የከረመ ቆሻሻ ደዌ እንደሚያመጣ ነበር። ስለዚህ ጠረገ፣ ባሕር ዛፍ አጠነ። ጢሱ ቫይረሱን ባያጠፋም፣ መድኃኒት ያጣ ሕዝብ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም።

ዛሬ ክምሩ ተለውጧል። በቅጠሉ ፈንታ ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክና አሮጌ ጫማ ይነድዳል። ይህ ጢስ መርዝ ነው፤ አስም ያለበትን ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ ያስለዋል። በሳንባ በሽታ ያለቁ ወገኖቻችንን የምናስብበት ቀን የሕያዋንን ሳንባ ሊጎዳ አይገባም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር እጅ መታጠብንና አፍና አፍንጫ መሸፈንን እንደ አዲስ ተማርን። አያቶቻችን ከመቶ ዓመት በፊት ተመሳሳይ መከራ እንዳለፉ ስንቶቻችን ትዝ አለን? ለዚህ ነው ቀኑ እንዲቀር የማልሻው። መጥረጊያው ይውጣ፤ ደጁ፣ ቦዩ፣ መንገዱ ይጽዳ። ፕላስቲኩ በማዳበሪያ ታስሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ። ክብሪቱን የሚጠይቀው ልጅም በክብሪቱ ፈንታ መጥረጊያ ይያዝና፣ አብሮን እየጠረገ የ1911ን ታሪክ ይስማ።